አዲስ ብስክሌት አትግዙላቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልን። አንድ አንጋፋ ብስክሌተኛ ውጭ አገር ሄደው በክሮኖ ሜትር ሊወዳደሩ ነው ሲባል፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ «ብስክሌት እንግዛላቸው» የሚል ነው። የሥራ ባልደረባ ያዋጣል፣ ጎረቤት ያዋጣል፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ይልካል። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሚያብረቀርቅ የካርቦን ብስክሌት ይመጣል። ደግነቱን እናከብራለን። ነገር ግን ገንዘቡ ሊውልባቸው ከሚገቡ ነገሮች ሁሉ ይህ የመጨረሻው ነው። ሰዓት የሚበላውም ሰዓት የሚያተርፈውም ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሚያዋጡትም የሚሄዱትም እንዲያዩት ዝርዝሩን ጽፈን ልከናል።

ክሮኖ ሜትር ተወዳዳሪው ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚገጥምበት ውድድር ነው። በ30 ሰከንድ ወይም በ1 ደቂቃ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። በጎዳና ውድድር እንደሚደረገው ከሰው ጀርባ ተሸጉጦ መሄድ የለም። ዩሲአይ የሚባለው የዓለም ብስክሌት ማኅበር ደንብ፣ ከፊቱ ያለውን የደረሰበት ሰው በጎን ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ እንዲያልፍ ያዛል፤ የተቀደመውም ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ቢያንስ 25 ሜትር ርቆ መከተል አለበት። አየሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚገፋው እንግዲህ ራሱ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከሚወጣው ጉልበት እጅግ የሚበዛው አየር ለመግፋት ይውላል። ከዚያም ውስጥ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል የሚይዘው የሰውየው ገላ ነው፤ የብስክሌቱ ድርሻ ጥቂት ነው። ጭማሪውም ቀላል አይደለም፤ ፍጥነትን ከ36 ወደ 40 ለማድረስ አየር ለመግፋት ብቻ የሚወጣው ጉልበት በ37 በመቶ ያድጋል።

አሁን ሁለት ዕቃ እናነጻጽር። ሁለት ኪሎ የሚቀል አዲስ ብስክሌት በ20 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ የሚያተርፈው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ክብደት ዋጋ የሚኖረው ዳገት ላይ ነው። ባለው ብስክሌት መሪ ላይ የሚታሰር፣ ክርን የሚያርፍበትና ወደ ፊት የሚወጣ የክሮኖ ዘንግ ግን በትክክል ከተለመደ በዚያው ርቀት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይሰጣል። 20 ኪሎ ሜትር በ38 ሲነዳ 31 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ፣ በ39 ሲነዳ 30 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በዕድሜ ምድብ ውስጥ በዚህ 49 ሰከንድ መካከል ብዙ ሰው ይገባል።

«በትክክል ከተለመደ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የ55 ወይም የ60 ዓመት ሰው ወገብና አንገት እንደ 20 ዓመት ልጅ አይታጠፍም። ዘንጉ በተገዛ ዕለት ዝቅ ብሎ ከታሰረ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንገት ይደነዝዛል፣ ራስ ቀና ይላል፣ አየሩም ደረት ላይ ያርፋል። ያኔ ዘንጉ ሸክም ብቻ ሆኖ ይቀራል። የምንሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የክርን ማሳረፊያውን ከኮርቻው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ አድርገን እናስራለን። ኮርቻውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት እንገፋለን፤ ሰውየው ወደ ፊት ሲያጎነብስ ጭኑ ሆዱን እንዳይመታና ዳሌው እንዳይቆለፍ ነው። ኮርቻ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ፔዳሉ ስለሚቀርብ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይደረጋል፤ አፍንጫውም በጣም ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል፤ አለዚያ ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚደነዝዘው ቦታ ሌላ ነው። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ማሳረፊያውን 1 ሴንቲ ሜትር እያወረድን እንሄዳለን። ሰውየው 20 ደቂቃ ሙሉ አንገቱን ሳያነሳ፣ ዓይኑ ብቻ መንገዱን እያየ መቀመጥ ካቃተው ማውረዱ እዚያ ላይ ይቆማል። ዝቅ ብሎ የሚያቃስት ሰው ትንሽ ከፍ ብሎ በሰላም የተቀመጠውን አይቀድምም። ይህ ሥራ ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ብስክሌት አይመጣም የምንለውም ለዚህ ነው፤ የሦስት ወሩ ልክ በሙሉ ከአሮጌው ጋር ይቀራል።

ስለ ማሰሪያው አንድ ማሳሰቢያ። መሪው ካርቦን ከሆነና አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ የክሮኖ ዘንግ አይታሰርበትም። ማሰሪያው ካርቦኑን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ የሚሰበረውም ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ነው። የአሉሚኒየም መሪ ርካሽም ደኅናም ነው። ቡሎኖቹ በአንድ ጊዜ አይጠብቁም፤ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቁ በማሰሪያው ላይ እስከ ተጻፈው ልክ ድረስ ነው። ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ተብሎ ይጻፋል።

ሌላው የዘንጉ ርዝመት ነው። ዩሲአይ በሚቆጣጠራቸው ውድድሮች ከመነሻው በፊት ብስክሌቱ በመለኪያ ላይ ይቆማል። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል ዘንግ ቀጥታ ወደ ላይ ከሚሰመር መስመር እስከ ክሮኖው ዘንግ ጫፍ ያለው አግድም ርቀት ቁመቱ ከ180 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ሰው 80፣ ከ180 እስከ 190 ለሆነ 83፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 85 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ብስክሌቱም ከ6.8 ኪሎ ግራም ማነስ የለበትም፤ በሁለተኛው እኛ አገር የሚጨነቅ የለም። በመጀመሪያው ግን ሰው መነሻ መስመር ላይ ዘንግ ሲያሳጥር ይገኛል፤ ያሳጠረው ሰው ለሦስት ወር የለመደው ልክ ያኔ ተበላሸ። ደንቡ ስለሚሻሻል የዓመቱን አይቶ፣ ለክቶ፣ ትርፉን ቆርጦ መሄድ ነው።

ወደ ወሎ ጉዳይ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ እንዲነበብልን የምንፈልገው ይህ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ለሳንባ ይከብዳል፣ ለብስክሌት ግን ይቀላል። ቤልጅጋዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለዚህ ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ ከፍታዋ ከደሴ ያንሳል። የኛ ሰው ሲሄድ ነገሩ ተገልብጦ ይገጥመዋል። ደሴ ላይ በ40 የሚያስነዳው ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ ከ37 ብዙም አያልፍም። ኦክስጅኑ ስለሚበዛ ጉልበቱ ይጨምርና የጠፋውን ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም።

ይህን ያላወቀ ተወዳዳሪ ምን ያደርጋል? መሪው ላይ ያለችውን የፍጥነት መለኪያ ያያል፤ 37 ትላለች። ትንፋሹ ቀሎታል፣ እግሩም ደህና ነው። «ምን ነካኝ?» ብሎ ወደ ለመደው 40 ይጨምራል። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭኑ እሳት ይሆናል፣ የቀረው 15 ኪሎ ሜትር መከራ ነው። ስለዚህ ከወሎ የሚሄድ ሰው የአገር ቤቱን የፍጥነት ቁጥር እዚሁ ትቶ ነው መሄድ ያለበት። የጉልበት መለኪያ ያለው በዋት ይነዳ፤ የሌለው በትንፋሹ ይመራ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አጭር ዐረፍተ ነገር መናገር መቻል አለበት፤ መሐል ላይ ሁለት ሦስት ቃል፤ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም። የልብ ምት ብቻውን አይበቃም፤ በመነሻው ድንጋጤ ቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያም ለጉልበቱ ለውጥ ዘግይቶ ነው የሚመልሰው።

ልምምዱንም ዝቅ ወዳለ ቦታ ማውረድ ይጠቅማል። የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ለእግር ግሩም ነው፤ ዳገት ግን ክሮኖ አያስተምርም፤ ዳገት ላይ ማንም ክርኑ ላይ ተኝቶ አይነዳም። ክሮኖ የሚለመደው ሜዳ ላይ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ በሚወርደው መንገድ ወይም ሐይቅ አካባቢ ባሉት ጠፍጣፋ ቦታዎች። ከሚሴ አካባቢ ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር ስለሚወርድ አየሩ ወፍራም፣ ቀኑም ሞቃት ነው፤ ውጭ የሚጠብቀውን ነገር ይመስላል። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው ግን የጂቡቲ ተሳቢዎች መንገድ ስለሆነ አንመክርም፤ ክርኑ ላይ የተኛ ሰው እጁ ከፍሬን የራቀ ነው። የትም ቢሆን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀምሮ ባጃጅና ከብት ሳይወጣ መጨረስ ነው፤ ከኋላም የሚያጅብ ሰው ያስፈልጋል።

ነፋስ ያለበት መንገድ ላይ ጉልበት እኩል አይከፋፈልም። 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ በሚመለስ መንገድ ላይ በሄደበት ነፋሱ ፊት ለፊት ሆኖ 32፣ በተመለሰበት ከኋላ ሆኖ 44 የነዳ ሰው አማካዩ 38 አይደለም፤ 37 ነው። በዝግታው ላይ ረጅም ደቂቃ ስለቆየ ነው። ስለዚህ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣና ዳገት ላይ ጥቂት መጨመር፣ ነፋስ ከኋላ ሲሆንና ቁልቁለት ላይ ጥቂት መቆጠብ ነው የሚያዋጣው። ወጣቶች በስሜት ተቃራኒውን ያደርጋሉ። አንጋፋው የሚበልጣቸው አንዱ ቦታ ይህ ነው።

መዞሪያው ላይም እንዲሁ ሰዓት ይጠፋል። በመንገዱ መሐል በቆመች አንዲት ምልክት ዙሪያ መቶ ሰማንያ ዲግሪ መዞር ያልለመደ ሰው ከአምስት ሰከንድ በላይ ይጥላል። ሃምሳ ሜትር ሲቀር እጅ ከክሮኖው ዘንግ ወደ ፍሬን ይመጣል፤ ሳይቆም ማርሹ ሦስት አራት ጥርስ ይቀላል፤ ሰፋ ብሎ ገብቶ ከምልክቷ ተጠግቶ መውጣት፤ የውስጡ ፔዳል ወደ ላይ። ማርሽ ሳይቀል ዞሮ ሲወጣ ቆሞ የሚረግጥ ሰው ያን ጊዜ የጣለው ጉልበት ለሁለት ኪሎ ሜትር ይከተለዋል። ይህን ኮምቦልቻ ላይ በድንጋይ ዙሪያ ሃምሳ ጊዜ መለማመድ ይቻላል፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

መነሻውም ለኛ ሰው እንግዳ ነው። ተወዳዳሪው ትንሽ መወጣጫ ላይ ይቆማል፤ አንድ ሰው ኮርቻውን ከኋላ ይይዝለታል፤ ሁለቱም ጫማ ፔዳሉ ላይ ይቆለፋል፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሁለት እግሩን አስሮ ቆሞ የማያውቅ ሰው ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ያዡን ወደ ጎን ይገፋል። እዚህ ጓደኛ አስይዞ በየሳምንቱ አሥር ጊዜ መለማመድ ነው። ያዡ ኮርቻውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ አይገፋም፣ ወደ ኋላም አይጎትትም። ማርሹ መካከለኛ ይሁን፤ 50 ጥርስ ካለው የፊት ማርሽ ጋር 17 ወይም 19 ከኋላ ይበቃል። በነገራችን ላይ ለአንጋፋ ሰው 50 ከበቂ በላይ ነው። 50 በ14 በደቂቃ 90 ጊዜ ሲረገጥ 40 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ለ54 እና ለ56 ጥርስ ገንዘብ አታውጡ።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ የመነሻ ዝርዝሩ ላይ 09:14:30 ተብሎ ከተጻፈ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። 14:07 ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ7 ነው። በዚያ ላይ መካከለኛው አውሮፓ በእነሱ የበጋ ወራት ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ተራው ሲደርስ ያልቆመ ሰው ሰዓቱ ያለ እሱ መቁጠር ይጀምራል፤ ይቅርታ የለም። ስልኩንም የእጅ ሰዓቱንም ከውድድሩ ዋና ሰዓት ጋር አስተካክሎ፣ ቁጥሩን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፎ መሪው ላይ መለጠፍ ነው።

የዕድሜ ምድብም እንደዚሁ በአቆጣጠር ምክንያት ይሳሳታል። በዩሲአይ ግራን ፎንዶ የዓለም ሻምፒዮና፣ ማለትም ለአማተሮች በሚዘጋጀውና ክሮኖ ሜትርም ባለው ውድድር፣ ከ35 ዓመት ጀምሮ ምድቡ በየአምስት ዓመቱ ነው። ተወዳዳሪው በማጣሪያዎቹ ላይ ከምድቡ የመጀመሪያው 25 በመቶ ውስጥ ገብቶ መጨረስ አለበት። ዕድሜ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ የትውልድ ዓመት ነው። ለምሳሌ በኅዳር 1959 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በእነሱ የ1966 ልጅ ነው፤ በጥር 1959 ዓ.ም. የተወለደ ግን የ1967። በ2026 እ.ኤ.አ. ውድድር የመጀመሪያው ከ60 እስከ 64፣ ሁለተኛው ከ55 እስከ 59 ምድብ ይገባሉ፤ ልዩነታቸው ሁለት ወር ነው። በግምት ሰባት ወይም ስምንት ደምሮ የተመዘገበ ሰው ፓስፖርቱ ሲታይ ምድቡ ይቀየርበታል ወይም ይሰረዛል። ምዝገባው፣ ፈቃዱ፣ ፓስፖርቱና የቪዛ ማመልከቻው ላይ ያለው ቀን አንድ መሆኑን አንድ የሚያነብ ልጅ ቁጭ ብሎ ያመሳክር። የውድድር ፈቃድ ከኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽን የሚጠየቅ ነው፤ አንዳንድ አገር፣ በተለይ ጣሊያን፣ የሐኪም ማስረጃም ይጨምራል። ለሸንገን ቪዛ ማመልከቻው ከጉዞው ከስድስት ወር ያልቀደመ፣ ከ15 ቀን ያልዘገየ መሆን አለበት፤ የጉዞ መድኅኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። ብዙ የጉዞ መድኅን ግን ውድድር ላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም፤ ያቺን አንቀጽ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ስለ መድኃኒት ዝም ማለት አይቻልም። በዚህ ዕድሜ ብዙው ሰው የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ሽንት የሚያበዙት ዓይነቶች፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሰማይድን የመሳሰሉት፣ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒቶች ዝርዝር ሁልጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን በአፍም በመርፌም በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ምርመራው አማተር ላይም ይደረጋል። ማንም መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ ከብዙ ወራት በፊት ሐኪሙን አማክሮ ወይ በሚፈቀድ ይቀየርለታል፣ ወይ የሕክምና ፈቃድ ይጠየቅለታል። ጫትም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ በብዙ አገርም ይዞ መግባት ወንጀል ነው። ቡና አልተከለከለም፤ ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት የለመዱትን ያህል መጠጣት ይቻላል።

ብስክሌቱ እንዴት ይሄዳል? ወሎ ላይ ጥፋቱ የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ በፊት ነው። ሣጥኑ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ላዩ ላይ ከረጢት ተጭኖበት፣ ገመድ ተወጥሮበት አዲስ አበባ ይደርሳል። ሣጥኑ ደህና ነው፣ ውስጡም ደህና ይመስላል። ውጭ አገር ተገጣጥሞ ሲነዳ ሰንሰለቱ ከኋላ ጥርሶቹ ላይ ጨቅ ጨቅ ይላል፤ በትልቁ ጥርስ ሲረገጥ ይዘላል፤ አንዳንዴም ማርሽ መቀየሪያው ራጆ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ይቆልፈዋል። ምክንያቱ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበት፣ ሃንገር የምንለው የጣት ያህል ስስ አሉሚኒየም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ መታጠፉ ነው። ለእያንዳንዱ ብስክሌት ልኩ ይለያል፤ የትም ከተማ ገብቶ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ መቀየሪያው ከሃንገሩ ተፈትቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ በፍሬሙ ውስጥ በኩል ይታሰራል፤ አንድ መለዋወጫ ሃንገርም በኪስ ይያዛል። ሣጥኑ ቆሞ ይጓዛል እንጂ አይጋደምም፤ ገመድ በመሐሉ ላይ አይወጠርም። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነም የአገር ውስጡ አውሮፕላን የዕቃ ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሣጥኑን ልክ አስቀድሞ ነግሮ ማረጋገጥ ነው።

ከመፍታት በፊት አምስት ልኮች ይጻፉ፦ ከመሐል ዘንግ እስከ ኮርቻ አናት፣ ከኮርቻ አፍንጫ እስከ ክርን ማሳረፊያ፣ የማሳረፊያው ከፍታ ከመሬት፣ በሁለቱ ማሳረፊያዎች መካከል ያለው ስፋት፣ የዘንጉ ርዝመት። በኮርቻው ቱቦ ላይ ፕላስተር ይዞርበት። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ መሆኑን የማያውቅ ሰው ሲፈታው እያጠበቀው ክራንኩን ያበላሻል፤ ሁለቱም ፔዳሎች የሚፈቱት ወደ ኋላ ጎማው አቅጣጫ ነው። የፊት ጎማ ሲወጣ በሹካው መሐል እንጨት ይግባ። የዲስክ ፍሬን ከሆነ በሸራዎቹ መካከል ወፍራም ካርቶን ይግባ፤ ሳያውቁ ፍሬኑን ከጨበጡት ፒስተኖቹ ተዘግተው ዲስኩ አይገባም። ጎማ አውሮፕላን ላይ ይፈነዳል የሚባለው እውነት አይደለም፤ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ደሴ ላይ ካለው ብዙም አይርቅም። አየር መንገዱ ካዘዘ ግማሹን ማስተንፈስ ይበቃል፤ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ቸርኬው ይመታል። ደሴ ላይ በግፊት መለኪያው (በፒኤስአይ) 90 የሞላው ጎማ ባሕር ወለል ላይ ሲለካ 86 አካባቢ ስለሚሆን እዚያው እንደገና ይሞላል። ራስ ቁር፣ ጫማ፣ ፔዳልና የውድድር ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሂዱ፤ ሣጥኑ ቢዘገይ ብስክሌት መዋስ ይቻላል፣ ጫማ ግን አይዋሱም። ቁልፎችና ፒንሳ ግን ሣጥን ውስጥ ናቸው።

የሰንሰለቱ 12 ሙሉ ጥንድ ቀለበት (አንድ የውስጥና አንድ የውጭ) ሲለካ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 30.6 ካለፈ ይቀየር፣ ግን ከውድድሩ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት። አዲስ ሰንሰለት ባረጀ ጥርስ ላይ መዝለል አለመዝለሉ የሚታወቀው ልምምድ ላይ በኃይል ሲረገጥ ነው።

ስንቅ በአጭሩ፦ በሶ ይያዝ፤ በቅቤ የታሸ ግን ወደ አውሮፓ አይገባም፣ ቋንጣም እንዲሁ፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ተሳፋሪ ይዞ እንዳይገባ የተከለከለ ነው። የመጨረሻው ምግብ ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት ይበላ፤ የለመዱት ይሁን። ውድድሩ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ ተወዳዳሪው ገና ሲመዘገብ ይወስን።

እንግዲህ የተዋጣው ገንዘብ እንዲህ ቢከፋፈል እንላለን። ከሁሉ በፊት ሰውየው ከአራት አምስት ቀን ቀደም ብለው እንዲደርሱ የማደሪያቸው ወጪ፤ መንገዱን በመኪና አይተው፣ በብስክሌት ነድተው፣ መዞሪያውን ለምደው እንዲወዳደሩ። ቀጥሎ የልብ ምርመራ። ቀጥሎ የክሮኖ ዘንግ፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ፣ ለራስ ልክ የሆነ የክሮኖ ራስ ቁር፣ ሁለት ጥሩ ባለ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከነከመነዳሪው፣ አዲስ ሰንሰለትና ሃንገር። የደረት ቁጥሩ ነፋስ እንዳያርገበግበው የሚይዙ ስምንት መርፌ ቁልፎችም እዚህ ውስጥ ይቆጠሩ፤ በአራት ጫፍ ብቻ የተያዘ ወረቀት እንደ ሸራ ይነፋል። ገንዘብ ከተረፈም አብሮ የሚሄድ አንድ ሰው ይኑራቸው፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ፔዳል ፈትቶ መግጠም የሚችል፣ እዚህ ኮርቻቸውን ይዞ ያለማመዳቸው ልጅ ቢሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ ብስክሌት የምንጠግንና የምናለማምድ